ከፊርማው በኋላ ያለው ሥራ

የተከበራችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች መሪዎችና ባለሙያዎች፣

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለትርፍ ባልተቋቋሙ ድርጅቶች መካከል የሚፈረም የአጋርነት ስምምነት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ፈራሚዎቹ ስለተጣሉ አይደለም። ክፍያ የሚያወጣው የፋይናንስ ክፍል፣ ግዥ የሚፈጽመው ባለሙያና ሥራውን በመስክ የሚከታተለው ሠራተኛ ሰነዱን ሳያዩት ስለሚቀሩ ነው።

በመጀመሪያ የሰነዱ ቃላት የሚለኩ ይሁኑ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ከበጎ ፈቃድ ድርጅቶች ጋር የተስማማበት «ኮምፓክት» የተባለ ሰነድ በሕግ አስገዳጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታደስ ግን አግባብ በሆነበት ሁሉ ለጽሑፍ ምክክር 12 ሳምንት እንዲሰጥ፣ የገንዘብ ድጋፍ ሲቋረጥ ወይም ሲለወጥ ደግሞ ቢያንስ የ3 ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲቀድም አስቀምጧል። «በቂ ጊዜ ይሰጣል» የሚል አንቀጽ ሲጣስ ማንም ማስረዳት አይችልም፤ «3 ወር» ሲጣስ ግን የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ግዴታ ወደ አፈጻጸም ሠንጠረዥ ይውረድ፤ ፈጻሚው የሥራ መደብ፣ ቀነ ገደቡ፣ የበጀት ርዕሱና መፈጸሙን የሚያሳየው ማስረጃ ይጻፉበት። የሰው ስም ብቻ ከተጻፈ ያ ሰው ሲዛወር ሥራው አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ተጠሪው ምክትል ይኑረው፤ ሲለቅም ያልተዘጉ ጉዳዮችን በጽሑፍ ያስረክብ። የበጀት ርዕስ የሌለው ግዴታ ካለ ችግሩ ያኔውኑ ይነገር። የበጀት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ መፍትሔው በጣም ይጠባል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው የክፍያ ጉዳይ ነው። ክፍያ በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ በሪፖርት ይፈጸማል እንበል። ድርጅቱ የ3 ወር ደመወዝና ወጪ ቀድሞ ይሸፍናል፤ ሪፖርቱን ለማዘጋጀት 15 ቀን፣ ለማስመርመርና ለማስፈቀድ ሌላ 30 ቀን ይሄዳል። ገንዘቡ እስኪገባ የ4 ወር ተኩል ወጪ በድርጅቱ ትከሻ ላይ ነው። ይህን መሸከም የሚችሉት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው፤ ለኅብረተሰቡ ቅርብ የሆኑት ትንንሾቹ ሠራተኛ ይበትናሉ። መፍትሔው የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ወጪ በቅድመ ክፍያ መስጠት፣ ቀጣዩን ደግሞ ከቀድሞው ውስጥ የተወሰነው፣ ለምሳሌ 70 በመቶው ሲወራረድ መልቀቅ ነው። መቶ በመቶ ይወራረድ ከተባለ አንድ የጎደለ ደረሰኝ ሥራውን ሁሉ ያቆማል።

የአስተዳደር ወጪም አይሸሸግ። ሒሳብ ሠራተኛና ኦዲት በበጀቱ ካልተካተቱ የሪፖርቱ ጥራት መውደቁ አይቀርም፤ ያንኑ ሪፖርት ደግሞ መንግሥት አጥብቆ ይጠይቃል።

በድርጅቶች በኩል ያለውም ጥፋት ቀላል አይደለም። የተለያዩ ለጋሾችን ገንዘብ ሳይለዩ መያዝ፣ ያለ ፈቃድ ከአንድ የበጀት ርዕስ ወደ ሌላ ማዛወር፣ የሥልጠና ተሳታፊ ቁጥርን እንደ ውጤት ማቅረብ መተማመንን ያፈርሳል። ስምምነቱ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ ዝውውር በማሳወቅ ብቻ እንዲፈጸም፣ ከዚያ በላይ ላለው ጥያቄ መሥሪያ ቤቱ በ10 የሥራ ቀን መልስ እንዲሰጥ ቢደነግግ ሁለቱም ወገን ከጭንቀት ይገላገላል።

ክትትሉ የጋራ ይሁን። ኢስቶኒያ የሲቪል ማኅበረሰብ ልማት ጽንሰ ሐሳብ የተባለውን፣ የመንግሥትንና የድርጅቶችን ትብብር የሚመራውን ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2002 በፓርላማ ካጸደቀች በኋላ አፈጻጸሙን የመንግሥትና የድርጅቶች ተወካዮች በጋራ ኮሚቴ ተከታትለውታል። የባለሙያዎች ቡድን በየወሩ፣ የበላይ ኃላፊዎች በየሩብ ዓመቱ ቢገናኙ ይበቃል። ቃለ ጉባኤው ግን ውሳኔ፣ ፈጻሚና ቀን ይኑረው።

አለመግባባት ሲነሳ ባለሙያዎች በ10 ቀን፣ ኃላፊዎች በ15 ቀን ይሞክሩ፤ ካልሆነ ሁለቱም አስቀድመው የተስማሙበት ገለልተኛ አስታራቂ ይግባ። እስከዚያው ተጠቃሚው አገልግሎት አያጣ፤ ክርክር የሌለበት ክፍያም አይያዝ። ድርጅቱ ፖሊሲ ስለተቸ ክፍያው ቢዘገይ ግን ይህ ጫና እንጂ አለመግባባት አይደለም፤ የትችት ነጻነት በስምምነቱ በግልጽ ይጻፍ።

የመውጫው አንቀጽም ሲፈረም ይዘጋጅ፤ ተሽከርካሪውና ዕቃው ለማን እንደሚተላለፍ፣ የተጠቃሚዎች የግል መረጃ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ሕክምና ወይም ትምህርት ላይ ያሉትን ማን እንደሚረከብ ዛሬውኑ ይወሰን።

አመሰግናለሁ።