ስኳር የተቀባ እምቢታ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ሻዬ ብቻ ነን።

ባለፈው ሳምንት ካመለከትኩበት ሥራ ኢሜይል መጣልኝ። በእንግሊዝኛ ነው። አመልካቹ ብዙ ነበር ይላል። ልምድሽ አስደንቆናል ይላል። ለሰጠሽን ጊዜ እናመሰግናለን ይላል። ደስ አለኝ። ለእናቴ ልደውል ስልኬን ሁሉ አነሳሁ። ደግሜ ሳነበው ነው ታች «አንፎርቹኔትሊ» (እንደ አለመታደል ሆኖ እንደማለት ነው) የምትል ቃል ተሸጉጣ ያገኘኋት።

እንግሊዞች ለዚህ አባባል አላቸው፤ «ሹገር ዘ ፒል»። ክኒኑን ስኳር ቀባው እንደማለት ነው። ፈረንሳዮቹና ጣልያኖቹማ ስኳርም አልበቃቸውም፤ ክኒኑን ወርቅ ቀባው ነው የሚሉት። ዝም ብሎ ወግ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነት ነው! ድሮ መድኃኒት ቀማሚዎች ክኒኑን በስስ የወርቅ ወይም የብር ልባጥ ይሸፍኑት ነበር። ያው ለባለጸጋ መሆኑ ነው። ችግሩ፣ ወርቅ ሆድ ውስጥ አይሟሟም። እንደተሸፈነ ገብቶ እንደተሸፈነ የሚወጣ ክኒን ነበር። በሽተኛው አልመረረውም፤ መድኃኒቱም አልደረሰውም።

የኔም ኢሜይል እንደዚያ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቁርጤን ሳላውቅ ለእናቴ እልል ላስብላት ነበር።

እኛ መርዶ ስናረዳ ሰው እናበዛለን እንጂ ቃሉን አናጣፍጥም። ገና ሳይነጋ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ደጅሽ ላይ ስታዪ ምን ቃል ያስፈልጋል? ውጭ አገርም ያው ነው፤ ሰው ሥራ የማይገባበት ቀን ተጠብቆ ይኬዳል። ግን አንዋሽ፤ እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሟቸው ነው» የምንለውም እኛው ነን።

ኢሜይሉን እያማሁ ሰነበትኩ። ትናንት ደግሞ የአጎቴ ልጅ ከአገር ቤት ገንዘብ ጠየቀኝ። የለኝም። አልችልም ማለት ከበደኝና የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላኩለት። እንዴት እንደምወደው፣ የቤት ኪራይ እንዴት እንደጨመረ፣ ልጅ ሆነን አያታችን ቤት ቆሎ እንዴት እንደምንሻማ... ምኑን ተውኩት! አጅሬ ወዲያው መለሰልኝ፦

«እሺ እህት ዓለም፣ ኑሪልኝ። ታዲያ መቼ ትልኪዋለሽ?»