ሁለት ጊዜ አትጠይቋቸው

(በቦብ ማርሌ የልደት ቀን ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የነበራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ይኸው! ግማሻችን እዚያ ነበርን። የቦብ ልደት ከጃማይካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው፣ 60ኛው፣ በእኛ ከተማ ነው። መግቢያው በነጻ ነበር። ከ200 ሺህ በላይ ሰው እንደወጣ ያኔ ተዘግቧል። ሪታ ማርሌ ከነልጆቿ፣ አንጀሊክ ኪጆ፣ ባባ ማል ዘፈኑልን።

እኔ ግን ከመድረኩ ይበልጥ የማስታውሰው አንዲት ልጅ ነው። ደረጃው ላይ ተጠጋግተን ቆመናል። እኩያዬ ናት። ድሬዷን በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሹራብ ኮፍያ ሸፍናዋለች። ከፌስታል ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

«ከየት ነሽ?» አልኳት።

«ከሻሸመኔ።»

«አይ፣ ትውልድሽን ማለቴ ነው።»

«ሻሸመኔ አልኩህ እኮ!»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ መታወቂያ እንደሌላት ነገረችኝ። ወዲያው ሕዝቡ አብሮ መዝፈን ጀመረ። እሷም ዘፈነች። የእኔ ቆሎ እጄ ላይ ቀረ።

ወገኖቼ፣ የዚች ልጅ ወገኖች፣ የሻሸመኔ ራስታዎች፣ እንዲሁ የመጡ እንግዶች አይደሉም። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ባሕር ማዶ ሆነው ከጎናችን ለቆሙ ጥቁሮች ጃንሆይ ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጡ። እነሱም አምነው መጡ። በጃማይካ ራስታ መሆን ቀላል አልነበረም። በ1963 እ.ኤ.አ. ኮራል ጋርደንስ በተባለ የጃማይካ ሰፈር በተነሳ ግጭት ሰበብ ፖሊስ እያደነ አሰራቸው፤ ጸጉራቸውን በግድ ላጨ። በዚያው ዓመት ጃንሆይ በተባበሩት መንግሥታት ንግግር አደረጉ። ቦብ በኋላ ያንን ንግግር ዘፈን አድርጎ ለዓለም አሰማው።

እኛስ? ዘፈኑን ወደድን። ድሬዱን ቀዳን። ሚኒባሱ ላይ የቦብን ፎቶ ለጠፍን። ሰዎቹን ግን «አጫሾች» ብለን አለፍናቸው። ይሄ ነውር ነው! ጃማይካ በ2017 እ.ኤ.አ. በይፋ ይቅርታ ጠየቀች። እኛም መታወቂያ እንሰጣለን ያልነው በዚያው ዓመት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ስንቱ አፈር ከገባ በኋላ!

ስለ አደባባይ ኮንሰርትም ልናገር አስቤ ነበር። በነጻ የሚገባበት ይመለስ፤ ሌላ አልጨምርም።

አሁን መድረኩን ለሻሸመኔ ልጆች እለቃለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ከየት ናችሁ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አትጠይቋቸው።