ፖርትማጊ ላይ የጠበቅኩት ጀልባ

የተከበራችሁ የጉዞ ወኪሎችና አስጎብኚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ብሪታኒያና አየርላንድ ጉዞዬ እንድናገር ስጋበዝ፣ ብዙዎቻችሁ ለንደንን እንደምትጠብቁ ገምቻለሁ። ለንደንን ግን በፎቶም በቪዲዮም አይታችሁ ጠግባችኋል። እኔ የምጀምረው ከአንዲት ትንሽ የአየርላንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ፖርትማጊ ትባላለች።

ከዳርቻው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕሩ መሐል ስኬሊግ ማይክል የሚባል ሹል የድንጋይ ደሴት አለ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መነኮሳት አናቱ ላይ ገዳም መሥርተው ኖረውበታል። ጀልባ ወደዚያ የሚሄደው ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ያውም ማዕበሉ ከፈቀደ።

ይህን አውቅ ነበር። ግን ለደሴቱ የመደብኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ጠዋት ባለ ጀልባው ባሕሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ሞክር» አለኝ። በማግስቱም ያው ሆነ። ደብሊን ቀድሜ የከፈልኩበት ሆቴል ገንዘቡ ተቃጠለ። የባቡር ቲኬቴም አለፈበት። ሆዴ አረረ።

በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ተኛ። ደረጃው ከ600 በላይ ነው፤ ሁሉም ድንጋይ፣ አብዛኛው መደገፊያ የሌለው። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ወጣሁ። ላይ ስደርስ የመነኮሳቱን ጎጆዎች አየኋቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ፣ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ እንደ ንብ ቀፎ ክብ ሆነው ዛሬም ቆመዋል። እኔ ደብረ ዳሞን በገመድ ተንጠልጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያኔ የተሰማኝ ነገር እዚያም ተሰማኝ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ነፋሱና የወፎቹ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማው።

ደግሞ የጠበቅኩባቸው ሁለት ቀናት! ማታ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ አንዱ ቫዮሊን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ሽማግሌዎቹ ስለ ባሕሩ ጸባይ አጫወቱኝ። ደመናውን አይቶ የነገውን መገመት አሳዩኝ። ጀልባዋ በመጀመሪያው ቀን ብትነሳ ኖሮ ያን ሁሉ አላገኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ የደንበኞቼን ፕሮግራም ሳወጣ አየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀን እተዋለሁ።

ስለ ቪዛም አንድ ነገር ልበላችሁ፤ በዚህ ብዙ ሰው ይጎዳል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ሁለቱ አገሮች ሁለት ቪዛ ናቸው። በብሪታኒያ ስር ባለችው ሰሜን አየርላንድ ከምትገኘው ከቤልፋስት ወደ ደብሊን በባቡር ስትሄዱ ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። መሻገራችሁን የምታውቁት ፓውንዱ ቀርቶ ዩሮ ስትጠየቁ ነው። ኬላ ስለሌለ ግን ፈቃድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ፖሊስ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ሊጠይቅ ይችላል። አደራ፣ ደንበኞቻችሁን ሁለቱንም አስይዛችሁ ስደዱ።

በመጨረሻ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ባዝ ልውሰዳችሁ። የሄድኩት የሮማውያንን መታጠቢያ ለማየት ነበር። ከተማው ዳር ላይ ግን ፌርፊልድ ሐውስ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራችን በጣሊያን ስትወረር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ የአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን።

እኔ በደረስኩ ቀን አረጋውያን ተሰብስበው ሻይ ይጠጡ ነበር። ከካሪቢያን የመጡ አንዲት እናት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከአዲስ አበባ አልኳቸው። መስኮቱ ስር ካለው ወንበራቸው ተነሱና «እንግዲያው ቤትህ ነው፤ ተቀመጥ» አሉኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። ሻይ ቀዱልኝ። ለዚያ ቤት የያዝኩት አንድ ሰዓት ነበር፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እዚያው አሳለፍኩ።

አመሰግናለሁ።