ሁለት የቡና ችግኝ ይዤ መጥቻለሁ

እንደምን አመሻችሁ፣ አካም ኦልታኒ! አባቶች፣ እናቶች፣ እናንተ በር ላይ የቆማችሁት ልጆች ደግሞ ግቡ፣ ፊት ለፊት ቦታ አለ።

ባዶ እጄን አልመጣሁም። እናቴ ጓሮ ከበቀሉት ሁለት የቡና ችግኝ በፌስታል ይዣለሁ። እዩዋቸው፣ የዚህኛው ለጋ ቅጠል ቀላ ብሎ ነሐስ ይመስላል፣ የዚህኛው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። አንድ አፈር፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ጓሮ። ተቀባበሏቸው፣ ግን ቅጠል እንዳትቀነጥሱብኝ፣ እናቴ ቆጥራ ነው የሰጠችኝ።

ትምህርት ቤት እያለሁ ዝግመተ ለውጥ ጋ (ፍጥረት በየትውልዱ ቀስ እያለ ይለወጣል የሚለው ሀሳብ) ስንደርስ መምህራችን "ለፈተናው ያዙት፣ ከዛ እርሱት" ብሎን አለፈ፣ እኔም ለብዙ ዓመት ነገሩ ዳርዊን የሚባል ጺማም ሽማግሌ አንድ ቀን ተነስቶ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ያለበት ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እንደዛ አላለም እኮ፣ የጋራ አያት አለን ነው ያለው፤ የአክስትህ ልጅ ዘመድህ እንጂ አባትህ አይደለም። ማንንም ከእምነቱ ላስወጣ አልመጣሁም፣ ዛሬ የማወራው ሀሳቡ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሚሊጢን የሚባል የግሪኮች ከተማ ውስጥ አናክሲማንደር የሚባል ሰው አንድ ነገር ከነከነው። የሌላው እንስሳ ልጅ ቶሎ ራሱን ይችላል፣ የሰው ልጅ ግን ለዓመታት ይታዘላል፣ ይጠባል፣ ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እንዲህ ሆነው ቢወለዱ ማን አሳደጋቸው? ስለዚህ መጀመሪያ ዓሣ በሚመስሉ ፍጥረታት ውስጥ አድገው ነው የወጡት አለ። መልሱ ትክክል አይደለም፣ ጥያቄው ግን ልጅ ያሳደገች እናት የምትጠይቀው ነው። አሪስቶትል መጣና ብዙ እንስሳ በእጁ ከፍቶ አየ፣ ግን ሁሉም በየደረጃው ተቀምጧል፣ ዘር አይለወጥም አለ፣ ዓለምም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት በዚህ መሰላል ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ይቻላል።

ሙሉ በሙሉ ግን አልቆመም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባስራ በምትባል የኢራቅ ከተማ ውስጥ አል ጃሂዝ የሚባል ጸሐፊ ነበር፣ አያቱ ግመል የሚነዱ ጥቁር ሰው ነበሩ ይባላል። ስለ እንስሳት በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ማን ማንን እንደሚበላ፣ ማን ከማን እንደሚሸሽ፣ የሚኖሩበት አገር እንዴት እንደሚቀርጻቸው ጽፏል። አንዳንዱ ከዳርዊን በፊት ሁሉን ጨርሶታል ይላል፣ እኔ እንደዛ አልልም፣ ግን ትምህርት ቤት ስሙን አንድ ቀን እንኳን አለመስማቴ ያናድደኛል።

አሁን ወደ ቡናችን። ስዊድናዊው ሊኒየስ ለፍጥረት ሁሉ ስም ሲያወጣ በ1753 ቡናን "አራቢካ" አለው፣ ቡናው አውሮፓ የደረሰው በየመን በኩል ስለሆነ። የእኛ ልጅ በጎረቤት ስም ተመዘገበ ማለት ነው። (ቡና መጀመሪያ የተገኘው ጮጬ ነው ቦንጋ ነው የሚለውን ጭቅጭቅ ዛሬ አላነሳም፣ በሰላም ቤቴ ልግባ።) ሊኒየስ ዘር አይለወጥም ባይ ነበር፣ ሲያረጅ ግን ሁለት ዝርያ ተዳቅሎ አዲስ ሊወልድ ይችል ይሆን እያለ መጠርጠር ጀመረ፣ የሚገርመው አራቢካ ራሱ እንደዛ ነው የተወለደው! ወላጆቹ ሮቡስታና ኢዩጂኒዮይደስ የሚባል የዱር ቡና ናቸው፣ ሁለቱም 22፣ 22 ክሮሞዞም (ሴል ውስጥ ውርስ የሚሸከም ክር) አላቸው፣ አራቢካ የሁለቱን ድምር፣ 44። ሰውየው የጠረጠረው ነገር ስም ባወጣለት ተክል ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ፈረንሳዊው ላማርክ በ1809 ዘር ይለወጣል ብሎ በግልጽ ጻፈ፣ እንዴት ለሚለው ግን የሰጠው መልስ ቀጭኔ አንገቷን ስትስብ ረዘመ፣ ለልጇም አወረሰች አይነት ነው። በዚያው ዓመት ዳርዊን ተወለደ። መርከብ ላይ 5 ዓመት ዞረ፣ ጋላፓጎስ የሚባሉት ደሴቶች ምናምን፣ ይሄን ታውቁታላችሁ። እኔ የምወደው ከዛ በኋላ ያለውን ነው፦ ቤቱ እርግብ ማርባት ጀመረ፣ ለንደን የእርግብ አርቢዎች ማኅበር ገባ፣ ከተራ አርቢ ጋር ቁጭ ብሎ ጭራዋ ለምን ሰፋ፣ ምንቃሩ ለምን አጠረ እያለ ያወራል። አርቢው የወደደውን ያስቀራል፣ ያልወደደውን አያስወልድም፤ ዱር ውስጥስ አርቢው ማነው? ረሃብ፣ ብርድ፣ በሽታ፣ ጠላት።

ሀሳቡን ግን ከእርግቦቹም በፊት ጀምሮ ወደ 20 ዓመት ይዞት ዝም ብሎ ነበር። በ1858 ዋላስ የሚባል ወጣት ከምሥራቅ ደሴቶች፣ ወባ የሚመስል ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሎት እያለ ያው ሀሳብ መጥቶለት ደብዳቤ ላከለት። ዳርዊን ደነገጠ። የሁለቱም ጽሑፍ አብሮ ተነበበ፣ በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር 24 የዳርዊን መጽሐፍ ወጣ።

አንድ ቀዳዳ ግን ቀርቶ ነበር። ያኔ ብዙው ሰው የአባትና የእናት ጠባይ እንደ ማኪያቶ ይቀላቀላል ብሎ ያስባል። እንደዛ ከሆነ ጥሩው ጠባይ በየትውልዱ ወተት እየተጨመረበት ይቀጥንና ይጠፋል እኮ! መልሱ አንድ መነኩሴ ጓሮ ነበር። ሜንደል አተር ዘርቶ ቆጥሮ በ1866 አሳተመ፦ ጠባይ የሚወረሰው እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ ፍሬ ነው፣ ተደብቆ ቢቆይም ሳይሟሟ ይወጣል። ዓለም ልብ ያለው በ1900 ነው፣ እሱ ከሞተ 16 ዓመቱ።

አገራችንም የመጣ አለ፣ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ፣ በ1927። የገበሬዎቻችንን ስንዴና ገብስ አይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ፣ ዘር ሰብስቦ ሄደ። በኋላ በሜንደል ሳይንስ በመጽናቱ ከአገሩ መንግሥት ጋር ተጣላ፣ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ፣ ዓለምን ከረሃብ ላድን ብሎ ዘር የሰበሰበ ሰው በረሃብ።

ዳርዊን በ1871 የሰው ጥንታዊ አያቶች አፍሪካ ሳይኖሩ አይቀሩም ብሎ ገምቶ ነበር። ድንቅነሽ ሀዳር ላይ የተገኘችው በ1974 ነው፣ እሷም ኖቬምበር 24፣ አጋጣሚ ነው ግን ደስ ይላል።

በዚያው ዓመት እዚህ እኛ ጋ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ፣ ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ፣ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው። ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታ በበዛበት ጫካና ማሳ እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠቁሮ እሱ ግን ፍሬውን ይዞ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘር ለቀሙ። ማሳችሁ ላይ ያለው 74110፣ 74112 የሚባለው ከዛ የመጣ ነው፣ 74ቱ ዓመቱ ነው፣ እናት ዛፎቹ መቱ አካባቢ ነው የተገኙት። በሽታው አበጠረ፣ ሰው ለቀመ። ጫካው ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ አንድ አይነት ቢሆን ኖሮ የሚለቀም ነገር አይኖርም ነበር።

በሉ ጥያቄ ካለ እጅ አውጡ። ችግኞቼስ የት ደረሱ? ነሐሱ ላይ ስምንት ቅጠል ነበር፣ ማነው የያዘው፣ እስኪ ከፍ አድርገው ልቁጠር።