ክዳን ያጣ ክሮክፖት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የዛሬው ክፍል ስለ ክዳን፣ በትክክል ለመናገር ስለ ክዳን መጥፋት ነው። ባለፈው ሰመር እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ቤት የሚለቁ ሰዎች ግቢያቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ዕቃ መካከል ባለ 6 ኳርት (ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ) ሞላላ ክሮክፖት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በዝግታ የሚያበስል የሸክላ ድስት፣ በጥቂት ዶላር ገዛሁ። የውስጡ ሸክላ አልተሰነጠቀም፣ ማሞቂያውም ይሠራል፤ የመስታወት ክዳኑ ግን ድሮ ተሰብሯል። ድስት ግጣም አያጣም ይባላል፤ ይህ ተረት ሲተረት ግን ድስት ሁሉ ክብ እንደነበረ እገምታለሁ። ቤቴ ያሉት ክዳኖች በሙሉ ክብ በመሆናቸው፣ ሞላላው አፍ ላይ ሲቀመጡ ወይ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ወይ በሁለቱ ጫፎች እንፋሎት የሚያመልጥበት ሰፊ ክፍተት ይተዋሉ።

በተራ ድስት ቢሆን ይህ ብዙም ባላሳሰበ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ ትልቁ ማሞቂያ ከ2000 ዋት በላይ ስለሚወስድ በድስቱ አፍ የሚወጣውን ሙቀት ወዲያው ይተካል፤ የኔን የሚያህል ክሮክፖት ግን በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ያመለጠውን ሙቀት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። አምራቾቹ ክዳኑ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የማብሰያ ጊዜ እንዲጨመር የሚመክሩት በዚሁ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ዋናው ክዳን በሸክላው ከንፈር ላይ ሲያርፍ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ተመልሶ ዙሪያውን ይጠራቀምና ክፍተቱን ይደፍነዋል፤ የጠላ ጋን አፉ በጭቃ እንደሚመረግ ሁሉ፣ ክሮክፖትም በራሱ ውሃ ይመረጋል ማለት ነው።

የዕቃው አመጣጥም ከዚሁ ከታመቀ ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ማብሰያ የሠራው እናቱ በሊትዌኒያ ስላሳለፈችው ልጅነት ካወጋችው ተነስቶ ነው። አይሁድ ለሰንበት የሚመገቡትን ቾለንት የተባለ ወጥ፣ ዓርብ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ወደ ዳቦ ቤት ይወስዱት ነበር፤ የምድጃው እሳት ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት ብቻ ሲበስል ያድራል። የናክሰንን ሥራ በ1970 የገዛው ራይቫል ኩባንያ በ1971 ክሮክፖት በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

ወደ ኔው ጉዳይ ልመለስ። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የአሉሚኒየም ፎይልን ነው። አንድ ንብርብር ብቻ ከሆነ እንፋሎቱ ጫፉን እያነሳ ስለሚያመልጥ አይረባም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርቦ ጫፎቹ የሸክላውን ከንፈር ይዘው በደንብ ሲጠቀለሉ ግን ደህና ይይዛል። ትርፉ ፎይል ወርዶ በሸክላውና በማሞቂያው ብረት መካከል እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቲማቲም ወይም ሎሚ የገባበት ምግብ ከነካው አሉሚኒየሙን ስለሚበላው፣ እኔ ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት አነጥፋለሁ። ፎጣ የሚያለብሱም አሉ፤ ጫፉ ወርዶ የጋለውን የማሞቂያ ብረት ሊነካ የሚችል ጨርቅ ደርቦ መተኛት ግን ለኔ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የተሻለው ለበዓል ብቻ የማወጣው ከባድ ሞላላ ሰሃን ሆኖ ተገኘ። ሳይደፋ፣ ሆዱ ወደ ወጡ እንዳዘቀዘቀ ሲቀመጥ፣ እንፋሎቱ ከሥሩ ይጤዝና ጠብታዎቹ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ተንሸራተው አንድ በአንድ መሃል ላይ ይወድቃሉ፤ ሰሃኑ ሲነሳ በጀርባው ላይ የቅቤና የበርበሬ ቀይ ቀለበት ይታያል። አክስቴ አዲስ አበባ ሳለን ድስቷን ውሃ በያዘ ሰሃን ትከድን ነበር፤ «ቀዝቃዛ ውሃ ወጥ ላይ አይጨመርም፣ ልጄ» እያለች፣ እላዩ ላይ የሞቀውን ውሃ ቁሌቱ ላይ ጠብ ታደርጋለች። ክሮክፖት ላይ ግን ውሃው ከደካማው ማሞቂያ ሙቀት ስለሚሻማ ሰሃኑን ባዶውን እተወዋለሁ። እጀታ ስለሌለው በወፍራም ጨርቅ ይዤ፣ እንፋሎቱ ፊቴን እንዳይመታኝ በመጀመሪያ ከኔ የራቀውን ጫፍ አነሳለሁ።

ለቁሌት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሽንኩርት በባሕርይው ውሃ የሞላው ነው፤ ክሮክፖት ውስጥ ተከትፎ ገብቶ በደንብ ከተከደነ በገዛ ውሃው ሲቀቀል ያድራል እንጂ አይቁላላም፤ ጠዋት የሚገኘውም ጣፋጭ ቢሆንም የገረጣና ቀጭን ነገር ነው። ጨርሶ ሳይከደን ካደረ ደግሞ ላይኛው ሳይበስል የዳሩ ይደርቃል። እዚህ ላይ ነው ያ የናቅነው ፎይል የሚከብረው፤ በአንድ ወገን ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ትቼለት ሳድር ውሃው በዝግታ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይቀራል፣ ሽንኩርቱም ሟሙቶ ወደ ቡናማነት ይጠጋል። በርበሬው ገብቶ የሚቁላላው ግን ምድጃ ላይ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ዶሮው ወይም የበሬው ሥጋ ከገባ በኋላ ወደ ክሮክፖቱ ተመልሶ፣ በሰሃኑ ተከድኖ ይቀጥላል።

ሥጋ ከመግባቱ በፊት ግን ክዳኑ መፈተን አለበት። ክሮክፖቱን እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጭኖ፣ በዝቅተኛው ሙቀት 8 ሰዓት መተው ነው፤ ክዳኑ እንደተነሳ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚወርድ ቴርሞሜትሩ ወዲያው ይገባል፣ ውሃውም ከ85 እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይገባል። ነጠላው ፎይል ይህን ፈተና አላለፈም፤ ሰሃኑ አልፏል። ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ለብ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ባክቴሪያ ስለሚራባበት ይህ የቅንጦት ጥንቃቄ አይደለም። በጾም ቀይ ቦሎቄ የምታበስሉ ደግሞ፣ ክዳናችሁ ዋናውም ቢሆን፣ ከተዘፈዘፈ በኋላ ምድጃ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፤ ጥሬው ውስጥ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር በክሮክፖት ለስላሳ ሙቀት ብቻ ላይጠፋ ይችላል።

ዋናውን ክዳን ለብቻው መግዛትም ይቻላል፤ የሞዴሉ ቁጥር ከሥሩ ተጽፏል። የኔው ከነመላኪያው ክሮክፖቱን ከገዛሁበት ዋጋ ስለሚበልጥ እስካሁን አላዘዝኩም። የሚያስቸግረኝ ፋሲካ ነው፤ በዚያ ቀን ሰሃኑ ገበታ ላይ ይፈለጋል።