«አንደኛ ነህ» ብለን ብቻ አንሸኘው

አካም ጂርቱ፣ እንዴት አመሻችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉና ግቡ፣ የጅማን ሰማይ ታውቁታላችሁ፣ አሁን ይለቀዋል።

አዘጋጆቹ ስለ ልጃችን አዲስ ሚክስቴፕ፣ ማለትም የራፕ ዘፈኖች ስብስቡ፣ እንድናገር ሲጠሩኝ «አበረታታው» ብለውኛል። እሺ፣ አበረታታዋለሁ። ግን እዚ ከተማ አንድ ልጅ ስራ ይዞ ሲመጣ አንደኛ ነህ እንለዋለን፣ አብረን ፎቶ እንነሳለን፣ ከዛ ዘፈኑን ማንም አይሰማውም። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ አስራ አንዱንም ትራክ፣ ስለዚ የሰማሁትን ልናገር።

ከ7ኛው ልጀምር፣ እናቱ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም የሚያወራበት። ከስር ሻ ሻ የሚል ድምፅ አለ አይደል? ብዙዎቻችሁ የዝናብ ድምፅ ከኢንተርኔት ያወረደ መስሏችኋል፣ አይደለም፣ ሰፌድ ላይ ቡና ሲንገዋለል በስልኩ ቀድቶ ነው። ድራሙን ደግሞ የእናቱን እጅ ተከትሎ ነው ያስገባው፣ እሷ ስትዘገይ ቢቱም ይዘገያል፣ እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ግጥሙ ስለ ድህነት ምናምን ብሎ አይሰብክም፣ ጥቁሩን ፍሬ፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እያለ ይለቅማል በቃ፣ ጥፍሯ ስር የገባውን አቧራ ሳይቀር ታዩታላችሁ። ሁኩ፣ ማለትም አዝማቹ ላይ ወደ ኦሮምኛ ሲገባም ማንም አይደነግጥም፣ እኛስ እዚሁ ጅማ መርካቶ ስንገበያይ በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ ተከራክረን አይደል የምንጨርሰው።

አሁን 1ኛውን ስሙት። አባ ጅፋር፣ ጅሬን፣ ቡና፣ በርጩማ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ይደረድራቸዋል። ይሄ የቱሪስት ብሮሸር ነው። አንዱም ላይ ቆም ብሎ አላየም።

እና ቤት አመታቱ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ መጣሁ፣ ወጣሁ፣ ጠጣሁ ብሎ ቤት መምታት ለማንም ቀላል ነው፣ ቋንቋው በነፃ ነው የሚሰጥህ። ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ 2ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ባጠቃላይ በ«ሁ» ነው የጨረስከው፣ 16 ባር፣ 16 መስመር በሉት፣ ሙሉ ሁ ሁ ሁ! 7ኛው ላይ ግን ስምን ከስም እያጋጨህ ስንኙ መሃል ላይ ቤት መተሃል፣ ስለዚ አትችልም አልልም፣ ሰንፈህ ነው። ፍጥነቱም ላይ ተነጋግረን እንለፍ። ፈጥኖ ራፕ ማድረግ ጉልበት ይመስላል፣ ግን አማርኛ ይጠብቃል ይላላል፣ «አለ» ስትል ተናገረ ነው ወይስ ይኖራል? ስትሮጥ ጥብቀቱን ትበላዋለህ፣ አድማጩ ደግሞ እየገመተ ይከተልሃል።

ስለ ጉራው... ሂፕሆፕ ያለ ጉራ አይሆንም፣ ይገባኛል። በ1973 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ኸርክና እህቱ ካዘጋጁት፣ ሂፕሆፕ ተወለደበት ከሚባለው ፓርቲ ጀምሮ ማይክ የያዘ ሰው ሲፎክር ነው የኖረው፣ እኛም ፉከራና ሽለላ ያለን ህዝብ ነን፣ ጉራ ከውጭ አላስመጣንም። ግን ፎካሪ የሚፎክረው በዋለበት ነው። ይሄ ልጅ እዚሁ ጅማ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ በባጃጅ እየሄደ በላምቦርጊኒ ይፎክርብናል። (ሳቁ፣ እሱም እየሳቀ ነው።) ዝናብ ላይ ቆሞ ባጃጅ የመጠበቅን ነገር 4ኛው ላይ ሁለት መስመር ነክቶት አለፈ፣ እኔ ሙሉ ዘፈን ጠብቄ ነበር።

9ኛው ላይ በትዝታ ለማንጎራጎር ሞክሯል፣ ሃሳቡ አሪፍ ነው፣ ኦቶቲውኑ፣ ድምፅ ሲስት የሚያስተካክለው ማሽን፣ ግን አበላሽቶታል። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ሰባት ድምፅ ባለው ስኬል ላይ ነው የተተወው፣ ስለዚ ድምፁ ሲንሸራተት ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ቦታ ይጥለዋል። ሁለቱን ድምፆች ከስኬሉ አጥፍቶ እንደገና መሞከር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቢቶቹ፣ ከግጥሙ ስር የሚሄዱት ሙዚቃዎች፣ አብዛኞቹ ከዩቲዩብ የወረዱ ናቸው፣ በዚ አልፈርድም፣ ሚክስቴፕ ድሮም በሰው ቢት ነው የሚሰራው። ብቻ ፍሪ የሚል የተጻፈበት ቢት ብዙ ጊዜ ነፃ የሚሆነው ገንዘብ እስካላገኘህበት ድረስ ነው፣ ከመጫንህ በፊት ከስር ያለውን ጽሁፍ አንብበው። ያንተንም ግጥም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቅልሃል፣ እሱን እወቅ። ድምፁን ደግሞ እስከ ጥግ አታስጩኸው፣ ዩቲዩብ ከልክ ያለፈውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፣ የሚተርፍህ የታፈነ ድራም ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ስራ ከኔ የምትፈልገው ነገር ካለ ስልኬ አለህ፣ ግጥሙን ከመቅዳትህ በፊት ላክልኝ፣ «ሁ» የሚለውን በቀይ አሰምርልሃለሁ።

ዲጄ፣ 7ኛውን ክፈትልን። ቤዙን ቀነስ አድርገው ግን፣ ስፒከሩ ኪራይ ነው።