ግንዱ ለግድግዳ፣ ተረፈ ምርቱ ለምድጃ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ክቡራን እንግዶች፤

በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 በግቢው ውስጥ የባዮማስ፣ ማለትም ከዕፅዋት በሚገኝ ማገዶ የሚሠራ፣ ኃይል ማመንጫ አስመረቀ። ማገዶው እንጨት ነው፤ ሕንፃውም እንጨት ነው። እሳት የሚነድበትን ቤት በእንጨት መሥራት ምን የሚሉት ድፍረት ነው የሚል አይጠፋምና ከዚያው ልጀምር።

ለሕንፃው የዋለው ክሮስ ላሚኔትድ ቲምበር ነው፤ ጣውላ በጣውላ ላይ በመስቀልኛ እየተነባበረ በሙጫ የተጣበቀ ወፍራም ገበታ። እሳት ሲያገኘው ላዩ ይከስላል፤ ከሰሉ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይጋርዳል። መሐንዲሶች ለእንዲህ ያለ እንጨት የሚይዙት የመክሰል ስሌት በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው፤ በግማሽ ሰዓት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ውፍረቱን አስቀድሞ አስልቶ መጨመር ይቻላል። መከላከያ ያልለበሰ ብረት ግን ሲግል ጉልበቱ ይከዳዋል።

ወደ ምድጃው ስንመጣ፣ ከአካባቢው የተሰበሰበው የእንጨት ተረፈ ምርት በቀጥታ አይነድም። አየር ተቆጥቦበት ሲግል ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፤ የሚቃጠለው ይህ ጋዝ ነው። የመጀመሪያው ውጥን ጋዙን አጣርቶ በሞተር 2 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ማመንጨትም ነበር። ሞተር ግን ውሃ እንደሚያሞቀው ቦይለር ታጋሽ አይደለም፤ ጋዙ ውስጥ የቀረች ጥቂት ቅጥራን ትበቃዋለች። ኋላ ሞተሩ ወደ ሌላ ጋዝ ዞረ፣ እንጨቱም ለሙቀት ብቻ ዋለ። እኔ ይህን ውድቀት አልለውም፤ ዩኒቨርሲቲ ካልሞከረው ማን ይሞክረዋል?

እንጨት የሚያነድ ጣቢያን «ከካርቦን ነፃ» የሚል ማስታወቂያ ግን አይዋጥልኝም። ለእኩል ሙቀት እንጨት ከጭስ ማውጫው የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተፈጥሮ ጋዝ ይበልጣል። ሒሳቡ የሚካካሰው የተቆረጠው ዛፍ ሲተካ፣ ወይም የነደደው ነገር ድሮም ሊበሰብስ የተጣለ ከሆነ ነው። ለግድግዳ የሚሆን ግንድ ምድጃ ከገባ፣ ሕንፃው በቆመበት ዘመን ሁሉ ታሽጎ ሊቆይ የሚችለው ካርቦን በአንድ ቀን አየር ላይ ወጣ ማለት ነው። እርጥበትም አለ፤ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ስለሚችል ምድጃው መጀመሪያ የሚደክመው ውሃ ለማትነን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጣቢያ ነድፋችሁ ስትመጡ፣ ከቦይለሩ ሥዕል በፊት የማገዶውን መዝገብ እጠይቃችኋለሁ፦ ከየት መጣ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዘ፣ እርጥበቱ ስንት ነው፣ ባይነድስ ምን ይሆን ነበር?

አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው፤ ጠይቁኝ።